ቀኝ ትከሻቸው ብቻ ረጥቦ ነበር

የኦድቫር ሬክቨን አስከሬን ያገኘችው የጎረቤት ውሻ ናት። እሁድ ረፋድ ላይ ከባለቤቷ እጅ አፈትልካ፣ ከቮስ ከተማ ወጣ ብሎ መንገድ ዳር ወዳለ አሮጌ የድርቆሽ ጎተራ ገባችና ቢጠሯት ቢጠሯት አልወጣም አለች። ባለቤቷ ተከትሏት ገባ፤ ያየውን አይቶ ወጣና አስመለሰው።

ኢንስፔክተር ሲኖቬ ብራትላንድ ስትደርስ ሽማግሌው ማንም ሳይነካቸው እንደነበሩ ናቸው። ጀርባቸው ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ጉልበታቸው እንደታጠፈ ደርቆ ወደ ላይ ቆሟል፤ እጆቻቸው ጭናቸው ላይ አርፈዋል። ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ይመስላሉ፤ ወንበሩ ብቻ የለም።

ሲኖቬ ታውቃቸዋለች። ተማሪ ሳለች የምትሳፈርበትን አውቶቡስ የሚነዱት እሳቸው ነበሩ።

“ምስኪን ሽማግሌ” አለ ረዳቷ ያርለ፣ ከካፖርቱ ላይ ውሃውን እያራገፈ። “የመርሳት በሽታ ነበረባቸው። ሌሊት ከቤት ወጥተው መንገዱ ጠፍቷቸው ነው። እዚህ ተጠለሉ፣ ብርዱ ጨረሳቸው። በቃ ይኸው ነው።”

ሲኖቬ ወደ አስከሬኑ ቀረበች። አጠገባቸው ቁጢጥ ብላ ስታጎነብስ ሽታው አፍንጫዋን መታት። የሬሳ ሽታ አይደለም። ባልዲ ውስጥ ተረስቶ የሰነበተ መወልወያ ጨርቅ፣ የሻገተ ዳቦ፣ የረጠበ ውሻ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከልብሳቸው ነው የሚወጣው። ካፖርታቸውን ዳበሰች። ግራው ደረቅ ነው። ቀኝ ትከሻቸውና ቀኝ እጅጌያቸው ግን ሲጨመቅ ውሃ ይወጣዋል፤ እርጥበቱ ዳር ዳሩን ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ቡናማ መስመር ሠርቷል።

“ያርለ፣ ዝናብ ቀኝና ግራ ይመርጣል እንዴ?”

“ጣሪያው አፍስሶባቸው ይሆናል።”

ቀና ብለው አዩ። ጎተራው አሮጌ ቢሆንም ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ከአርብ ጀምሮ ሳያባራ የዘነበው ዝናብ አንዲት ጠብታ አላስገባም። ሲኖቬ የአንድ እግራቸውን ቦት ጫማ አወለቀች። ጫማው ከውስጥም ከውጭም ደረቅ ነው፤ ሶሉ ላይ ጭቃ የለም። ውስጥ ያለው የሱፍ ካልሲ ግን ውሃ ጠግቧል፤ የእግራቸው ጣቶች ነጥተው ተጨማደዋል።

“እርጥብ ካልሲ፣ ደረቅ ጫማ” አለች። “ይሄ ጫማ የተደረገላቸው ከሞቱ በኋላ ነው።”

ግራ እጃቸው ላይ ግራጫ የሹራብ ጓንት አለ። ቀኝ እጃቸው ባዶ ነው። ጎተራውን ጥግ በጥግ ፈተሹት፤ የቀኙ ጓንት የለም።

*

ኦድቫር የሚኖሩት ከጎተራው በቅርብ ርቀት፣ ሴት ልጃቸው ቱሪድ ቤት ነበር። ቱሪድ የአበባ መሸጫ ሱቅ አላት፤ ሃምሳ አምስት ሞልቷታል፤ ፀጉሯ ተሠርቶ ከትናንቱ ግብዣ እንዳለ ነው። ወንድሟ ስተይናር አጠገቧ ተቀምጧል። ቤት የሚያሻሽጥ ደላላ ነው፤ ድምፁ ለሐዘንም ለሽያጭም አንድ ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ላይ ከግብዣው የተረፈ ኬክ ተቆርጦ ቀርቧል።

“እባክሽ ቅመሺ” አለች ቱሪድ። “ይበላሻል።”

“አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ። ትናንት ማታ የት ነበራችሁ?”

“የስተይናርን ስድሳኛ ዓመት ልደት እያከበርን። ፊዮርዱ ዳር፣ የባሕሩ ወሽመጥ ላይ ያለው ሆቴል። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበርኩ፤ ሰው ሁሉ አይቶኛል። እዚያው አድሬ ጠዋት ስመጣ በሩ ተከፍቷል፣ አባዬ የለም። ወዲያው ወደ እናንተ ደወልኩ።”

“አባታችሁን ለብቻቸው ትታችሁ?”

“ለብቻው አይደለም” ስተይናር ጣልቃ ገባ። “ማዘጋጃ ቤቱ ማታ ማታ ረዳት ይልክለታል። ማይብሪት ሦስት ሰዓት ላይ መጥታ አይታዋለች። ጠይቋት።”

ሲኖቬ እጇን ልትታጠብ ወደ መታጠቢያ ቤት ገባች። የአልጋ ፍራሽ ገንዳው ላይ ቆሞ ውሃው ይንጠባጠባል። የሽንት ሽታና የአበባ ሳሙና ሽታ ተቀላቅለው ክፍሉን ሞልተውታል።

“ቅዳሜ ጠዋት አርሶት ነው” አለች ቱሪድ ከኋላዋ መጥታ። “በሳምንት ሁለት ሦስቴ ነው። አራት ዓመት ሙሉ። ማንም አይገባውም።”

ያልኩት እውነት ነው የሚል ድካም ፊቷ ላይ ነበር። ሲኖቬ በዚያች ቅጽበት አዘነችላት፤ በኋላ ያንን ሐዘኔታ ስታስታውስ ተናደደች።

*

ማይብሪት ወፍራም፣ ችኩል፣ ስታወራ ሰዓቷን የምታይ ሴት ናት።

“ሦስት ሰዓት ላይ ገባሁ። አልጋቸው ላይ ተኝተው ነበር። ብርድ ልብሱን ሳብ አደረግኩላቸውና ወጣሁ። ሌላ አምስት ሰው ይጠብቀኝ ነበራ።”

“ተናገሩ?”

“እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር። እንደ ሕፃን።”

ስለዚህ ኦድቫር በሦስት ሰዓት ቤታቸው ናቸው፤ ልጆቻቸው ደግሞ ሩቅ ቦታ፣ በሰው መሐል። ሆቴሉ ተጠየቀ። ቱሪድ ራት በልታለች፣ ጨፍራለች፣ ወንድሟን የሚያሞግስ ንግግር አድርጋለች፤ ሌሊቱን ክፍሏ ውስጥ አድራ ሊነጋጋ ሲል ወጥታለች። ስተይናርም ከአዳራሹ ርቆ አልሄደም። ያርለ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

“ሌላ ሰው ነው ማለት ነው። ምናልባት መንገድ ላይ አግኝቷቸው መኪናው ላይ ያሳፈረ። ከዚያ እጁ ላይ ሞቱበት፣ ፈራ፣ ጎተራው ውስጥ ጥሏቸው ሄደ።”

“መኪና” አለች ሲኖቬ። ያ ሽታ ከየት እንደምታውቀው ድንገት ገባት። “ያርለ፣ ባለፈው መኸር የኔ መኪና ምን ሆኖ ነበር?”

“የሸተተው? እንዴት ይረሳኛል። አብሬሽ መሄድ ትቼ በብስክሌት ነበር የምመጣው።”

“የጣሪያው መስኮት የውሃ መውረጃው ተደፍኖ ነው። ዝናብ በዘነበ ቁጥር ከጣሪያው ጨርቅ በቀኝ በኩል እየወረደ የተሳፋሪውን ትከሻ ያርሰው ነበር። እግር ማሳረፊያው ኩሬ ሆኖ ነበር። ያረጀ ቅጠል ያለፈበት ውሃ ስለሆነ ቡናማ ነው።”

ያርለ የሽማግሌውን አቀማመጥ አስታወሰ። “ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው” አለ ቀስ ብሎ።

*

መጀመሪያ ያዩት የስተይናርን መኪና ነው፤ ጣሪያው ላይ መስኮት ያለው አሮጌ የቤተሰብ መኪና። በሩ ሲከፈት ያርለ ፊቱን አዞረ። ሽታው ያው ነው። የኋላው ዕቃ መጫኛ ምንጣፉ ረጥቦ አረንጓዴ ሻጋታ አብቅሏል፤ ጥግ ላይ አንድ የተረሳ ቋሊማ እስከነፌስታሉ ነፍስ ዘርቷል።

“ያፈሳል፣ አውቃለሁ” አለ ስተይናር፣ ምንም ሳያፍር። “ልሸጠው ነው። የሚገዛኝ ሰው በበጋ ነው የሚመጣው፤ በበጋ አይሸትም።”

“ለገዢው አትነግረውም?”

“ካልጠየቀ?”

ሲኖቬ ከፊት ያለውን የተሳፋሪ ወንበር ዳበሰች፤ ከሥር ከላይ ደረቅ ነው። ውሃው የሚወርደው ከኋላ ግራ ብቻ ነው። ሰውዬውን ጠላችው፤ መኪናው ግን የምትፈልገው አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት ቱሪድ ቤት ተመለሱ። የቱሪድ ጥቁር ሰማያዊ መኪና ግቢው ውስጥ፣ ትልቅ የጥድ ዛፍ ሥር ቆሟል። እሱም የጣሪያ መስኮት አለው። ውስጡ ተጠርጎ፣ ተወልውሎ፣ የሎሚ ሽቶ ተረጭቶበታል።

“አፍስሶ ያውቃል?” ሲኖቬ ጠየቀች።

“የኔ? በጭራሽ። እንደፈለግሽ እዪው።” ቱሪድ ቁልፉን ሰጠቻትና በረንዳው ላይ ቆመች።

ሲኖቬ የበሩ ደፍ ላይ ወጥታ የጣሪያውን መስኮት ከፈተች።

“ና እይ” አለችው ያርለን። “የጣሪያ መስኮት ውሃ አያስገባም ብለህ ካሰብክ ተሳስተሃል። ጎማው ያላገደው ውሃ እዚህ ቦይ ውስጥ ይወድቃል። አራቱም ማዕዘን ላይ ሽምብራ የምታህል ቀዳዳ አለች። ከዚያ በቱቦ፣ በምሰሶዎቹ ውስጥ ወርዶ መሬት ላይ ይፈሳል። ቀዳዳዋ ስትደፈን ቦዩ ይሞላል፤ ሲሞላ ሰው ላይ ይገነፍላል።”

በኩባያ ውሃ ወስዳ የኋላው ግራ ማዕዘን ላይ ጠብ አደረገች። ውሃው ቆመ። የኋላው ቀኝ ላይም እንዲሁ። ከፊት በግራ በኩል ውሃው የጥድ ቅጠልና ጥቁር አተላ ይዞ ወደ ላይ ተመለሰ። ከፊት በቀኝ በኩል ስታፈስ ግን ቀዳዳው ውሃውን ስልቅጥ አደረገውና፣ ያርለ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከቀኙ ጎማ በስተኋላ ኮለል ብሎ ወጣ።

“ሦስቱ ተደፍነዋል” አለ። “አንዱ ንጹሕ ነው።”

“ሰው ከአፉ አንድ ጥርስ ብቻ መርጦ ይፍቃል?”

ሲኖቬ ከራሷ መኪና የሣር መቁረጫ ወፍራም የናይለን ክር አመጣች፤ መኪናዋ ካፈሰሰ ወዲህ ከእጇ አይለይም። ጫፉን በእሳት አድበልብላ፣ በግራው ቀዳዳ ቀስ እያለች አስገባችው። ሽቦ ቱቦውን ይበሳዋል፤ የአየር ግፊት ደግሞ ከመጋጠሚያው ያላቅቀዋል፤ ክር ግን ታዛዥ ነው። ወደፊት፣ ወደኋላ፣ ወደፊት። የሆነ ነገር እምቢ አለና ለቀቀ። ከበሩ ሥር ጥቁር ዝልግልግ ነገር እንደ ንፍጥ ተጎትቶ ወረደ፤ ውስጡ የበሰበሰ ቅጠልና የሞቱ ትሎች አሉ። ያርለ ሁለት እርምጃ ሸሸ።

“ይሄ ነው የቀኙንም የደፈነው” አለች ሲኖቬ፣ እጇን በጨርቅ እየጠረገች። “ሰሞኑን አንድ ሰው አጽድቶታል።”

ከዚያ ከተሳፋሪው ወንበር ፊት ያለውን ምንጣፍ በጡጫዋ ተጫነችው። ላዩ ደረቅ ነው። ጫን ስትለው ግን ከሥሩ ካለው ስፖንጅ ቡናማ ውሃ በጣቶቿ መሐል ብቅ አለ፤ የሎሚው ሽቶ ተገፎ የጎተራው ሽታ ወጣ። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ዝናቡን አሰበች፤ ከቀኝ በላይ፣ ከፊት መስታወቱ ዳር ካለው ምሰሶ የሚንጠባጠብ። ዓይኗን ስትገልጥ የምሰሶው የፕላስቲክ ሽፋን ከጣሪያው ጨርቅ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ትንሽ ተነፍቶ አየች።

ሽፋኑን ፈልቅቃ አወለቀችው። ከኋላው ስንጥቁ ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ውሃ ጠጥቶ የጠቆረ ግራጫ የሹራብ ጓንት ወደቀ።

ሽማግሌው የልጆቻቸውን ስም ረስተው ይሆናል። መኪና ሲያፈስ ግን ዝም ብሎ እንደማይታይ አልረሱም ነበር። ያላቸውን አውልቀው ቀዳዳውን ጠቀጠቁት።

ቱሪድ ከበረንዳው ወረደች። ጓንቱን አይታ ፊቷ ላይ አንድ ነገር አለፈና ተመልሶ ተዘጋ።

“አርብ ዕለት ሐኪም ቤት ወስጄው ነበር። ያኔ ይሆናል።”

“አፍስሶ አያውቅም ብለውኝ ነበር።”

“ረስቼው ይሆናል። ለማንኛውም ቅዳሜ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አባቴ አልጋው ላይ ነበር። እኔ ደግሞ ሆቴል ነበርኩ። እንዴት አድርጌ ነው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ የምገኘው?”

“አልጋቸው ላይ” አለች ሲኖቬ። ያኔ ገንዳው ላይ የቆመው ፍራሽ ፊቷ ድቅን አለ።

*

ማይብሪትን ያገኟት ሥራ ልትገባ ስትል መኪናዋ አጠገብ ነው።

“ብርድ ልብሱን ሳብ አደረግሽላቸው?”

“ነገርኩሽ እኮ።”

“ፍራሹ ላይ?”

“ታዲያ የት?”

“ፍራሹ ቅዳሜ ጠዋት ታጥቦ እስከ እሁድ መታጠቢያ ቤት ቆሞ ነበር። አልጋው ባዶ እንጨት ነው፣ ማይብሪት። እንደ ሕፃን የተኙት እንጨት ላይ ነው?”

ሴትየዋ ሰዓቷን አየች። ከዚያ ጫማዋን።

“ይዘንብ ነበር” አለች።

“ከመኪናሽ ወርደሻል?”

“መብራቱ ጠፍቶ ነበር። ተኝተዋል ብዬ... ሁልጊዜ ይተኛሉ። በማግሥቱ ሞተዋል ሲሉኝ ምን ልበል? አላየኋቸውም ብል ሥራዬስ?”

“በሩን አንኳኩተሽ ቢሆን ኖሮ ያን ሰዓት እንፈልጋቸው ነበር። ሐኪሙ እንዳለው ያኔ ገና በሕይወት ነበሩ።”

ማይብሪት ማልቀስ ጀመረች። ሲኖቬ መሐረብ አላቀረበችላትም።

*

ስተይናር ጣቢያ ሲጠራ ጠበቃ አልፈልግም አለ፤ ሰው ማሳመን እንደሚችል ያምን ነበር።

“ሰኞ ዕለት የእህትህን መኪና ቱቦ ስታጸዳ ጎረቤት አይቶሃል” አለችው ሲኖቬ። “የራስህን ሳታጸዳ።”

“እህቴ ለመነችኝ።”

“አባታችሁ ቅዳሜ ማታ የት ነበሩ?”

ሰውዬው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። “መኪና ማቆሚያው ላይ። ቱሪድ ይዛው መጣች። ቤት ትቼው ብመጣ ምድጃ ይለኩሳል አለች። አዳራሽ ማስገባት አልተቻለም። የገና ራት ላይ ሰው ፊት ሱሪው ላይ ሸና፤ ሚስቴ ዳግም አይሆንም ብላለች። ደንበኞቼ ሁሉ ነበሩ። ስለዚህ መኪናው ውስጥ ይቆይ ተባባልን። ብርድ ልብስ ነበረው። ሬዲዮ ከፈትንለት።”

“ቆለፋችሁባቸው?”

“ወጥቶ ፊዮርዱ ውስጥ ቢገባስ? ለደህንነቱ ነው።”

“ሄደህ አላየሃቸውም?”

“አይቼዋለሁ” አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ምስጋና እንደሚገባው ሰው። “ኬክ ወሰድኩለት።”

“ምን አሉህ?”

“‘ይዘንብብኛል’ አለኝ።”

ክፍሉ ውስጥ የያርለ ብዕር ቆመ።

“አንተስ?”

“እሱ ሁሌ ይዘባርቃል። መኪና ውስጥ ምን ዝናብ አለ? አዲስ ልብስ ለብሼ ስለነበር ተመልሼ ገባሁ።”

ሲኖቬ ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆየች። ከዚያ ቱሪድ ወዳለችበት ክፍል ገባች።

ቱሪድ ወንድሟ መናገሩን ስትሰማ ለመካድ አልደከመችም።

“በአምስት ሰዓት ይዤው ልመለስ ነበር ሐሳቤ። አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፣ ከዚያ ሌላ። አራት ዓመት ሙሉ አንድም ምሽት የራሴ ኖሮኝ አያውቅም።”

“ከዚያ ወደ ክፍልሽ ገብተሽ ተኛሽ።” ሲኖቬ ‘እርስዎ’ ማለቱን እንደተወችው እሷም አላስተዋለችም።

“ጠጥቶ መንዳት ወንጀል ነው። አንቺ ፖሊስ ነሽ፣ ታውቂዋለሽ። እሱም እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ነበር። መኪናው ቁልቁል ነበር የቆመው፤ ውሃው ሁሉ ወደ ፊት... ሊነጋ ሲል ስከፍተው እግሩ ውሃ ውስጥ ነበር። ሰውነቱ ደርቆ ቀርቷል። የቤት ጫማውን አውልቄ ቦቱን አደረግኩለት። ጎተራው ደረቅ ነው፤ ዝናብ ላይ አልጣልኩትም።”

“ማይብሪት አየኋቸው ስትልስ?”

“እኔ ምንም አላልኳትም። ራሷ ነው ያመጣችው። እግዜር የረዳኝ መሰለኝ።”

ሲኖቬ ሴትየዋን አየቻት። አራቱ ዓመት እውነት ነው፣ ድካሙ እውነት ነው፣ ገንዳው ላይ የቆመው ፍራሽም እውነት ነው። ይህን ሁሉ ስትደምረው ግን ያልተደወለውን አንድ ስልክ አያካክስም፤ ሆቴሉ ውስጥ ለአባት ያልተሰጠውን አንድ ወንበር አያካክስም። በአባትና በልጅ መሐል የነበረው አንድ የተቆለፈ በር ብቻ ነበር።

“ክስ ይመሠረትብሻል፤ በወንድምሽም ላይ” አለች። “የምትጨምሪው አለ?”

ቱሪድ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች።

“መኪናዬ መቼ ይመለስልኛል? አበባ የማመላልሰው በሱ ነው። አሁን እኮ አያፈስም፤ ስተይናር አስተካክሎታል።”

ሲኖቬ ከወንበሯ ተነሣች። ሄዳ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፈተች። ዝናቡ ደፉ ላይ እየተፈናጠረ ወረቀቶቹን ነካቸው።

“ያርለ” አለች ሳትዞር። “ያለችውን ጻፈው። ቃል በቃል።”